የጓያው እንፋሎት

በእኛ አገር በሽታ ምክንያት አጥቶ አያውቅም። ሐኪም ይጠፋል፣ መድኃኒት ይጠፋል፣ ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ይሆንና መኪና ይጠፋል፤ ምክንያት ግን በየቤቱ ሞልቶ የተረፈ ነው። መካነ ሰላም ገበያው አጠገብ ባለችው ሱቄ ውስጥ ቆሜ ስንቱን እሰማለሁ! የስኳር በሽታ ያለበት ሰውዬ ስኳር እያስመዘነ በሽታው የያዘው በድንጋጤ እንደሆነ ይተርክልኛል። ደም ግፊቷ አናቷ ላይ የወጣ ሴትዮ ጨው እየገዛች የጎረቤቷን ዓይን ትረግማለች። እንቅርት የወጣባት ልጅ እናት ደግሞ ልጅቷ ሕፃን ሳለች ለቅሶ ስላበዛች ነው ብላ ትምልልኛለች። እኔም እመዝናለሁ፣ እቋጥራለሁ፣ «አላህ ያሽርሽ» ብዬ እሸኛለሁ። በሆዴ ግን እንቃቸዋለሁ። ደንበኞቿን እንዲህ የምትል ነጋዴ ነውረኛ ናት ካላችሁ በሉ።

ንቀቱ የጀመረኝ በሰባት ዓመቴ ነው፤ አባቴን ጓያ በሰበረው ዓመት። ያን ጊዜ ግን ማንን መናቅ እንዳለብኝ አላወቅኩም ነበር።

ዓመቱ ሰማንያ ዘጠኝ ነው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ገብሱ ሊያሸት ሲል በረዶ ወረደና ከአፈር ቀላቀለው። ስንዴውም እንደዚያው ሆነ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ጓያ አዞረ። ጓያ የክፉ ቀን እህል ነው። ውሃ ቢተኛበት አይበሰብስም፣ ዝናብ ቢቀርበት አይደርቅም፤ ሌላው ሲሞት እሱ አበባውን አውጥቶ ያምርበታል። አባቴ ጀብሪል የራሱ መሬት ጠባብ ስለነበረች ታላቅ እህቱን ላገቡት ለሐጂ አብዱራህማን ያርስ፣ ያርም፣ ቦይ ይቆፍር ነበር። ሐጂ የከተማው እህል ነጋዴ ናቸው። በእኛ መንደር ሰፊ መሬት ነበራቸው፣ መጋዘናቸውም ከዓባይ ማዶ ባስመጡት ጓያ ጢም ብሎ ነበር። ለአባቴ የሥራውን የሚከፍሉትም በጓያ ነው።

ለእኔ ሐጂ መልአክ ነበሩ። በበቅሎ ሲመጡ ሽቷቸው ከበቅሎዋ ቀድሞ ይደርሳል። ከኪሳቸው ከረሜላ አውጥተው «ነይ እስኪ፣ የሻለም» ሲሉኝ ወረቀቱን ሳልልጥ አፌ ውስጥ እከተዋለሁ። አክስቴ ኡምኩልሱም ባሏን ቀና ብላ እያየች «ሐጂ ባይኖሩ ይሄኔ ስንቱ አፈር በልቶ ነበር» ትላለች። አባቴ አንገቱን ይደፋል። እናቴ እንቁ ግን ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ ያናድደኝ ነበር። ደግ ሰው የማታመሰግን ምቀኛ ሴት ትመስለኝ ነበር።

ጓያ አደገኛ መሆኑን የማያውቅ ሰው በመንደሩ አልነበረም። ጓያ ሰው ይሰብራል፤ ይህንን ጡት ያልተወ ልጅ እንኳ ያውቃል። በምኑ ነው የሚሰብረው ለተባለ ግን የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ በእንፋሎቱ። ስለዚህ ጓያ ቤት ውስጥ አይቀቀልም። እናቴ ከጓሮ፣ ከአጥሩ ሥር ጉልቻ ጎልታ ድስቱን ትጥድና ክዳኑን ዙሪያውን በእበት ትመርገዋለች። ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አመድ በትና ታያለች። «ወዲያ በሉ! በነፋሱ በኩል እንዳትቆሙ!» እያለች እኔንና ታናሽ ወንድሜን አሕመድኑርን በአርጩሜ ታባርረናለች። ክዳኑን የምትከፍተው ፊቷን አዙራ፣ እግሯን በነጠላዋ ሸፍና ነው። የጓያ ማሳ ጤዛው ሳይለቀው አይታለፍም፤ ጭዱ ላይም አይተኛም። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ካለቀ በኋላ ንፍሮው ሰፌድ ላይ ተሰጥቶ ይቀዘቅዝና በእፍኝ እየተዘገነ ይበላል! እንፋሎቱን እንዲያ የሚሸሽ ሕዝብ እህሉን ሲበላ ቅንጣት አይጠራጠርም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

አባቴ ጠዋት የጓያ ንፍሮ ይበላል። ወደ ሥራ ሲሄድ የኮቱን ኪስ በጓያ ቆሎ ሞልቶ ነው። በበጋው ከማሳው ዳር እሸቱን እየነቀለ ሲፈለፍል ይውል ነበር። ማታ ደግሞ ያው ንፍሮ። ለእኛ እናቴ ከበረዶው የተረፈችውን ጥቂት ገብስ ከጓያ ዱቄት ጋር ቀላቅላ ቂጣ ትጋግርልናለች። ለእሱም ስትቆርስለት ይገፋዋል።

«ለልጆቹ አድርጊው። እኔን ገብስ ሆዴን ይነፋኛል።»

«መቼ ደግሞ ነፍቶህ ያውቃል?»

«ዘንድሮ ጀመረኝ።»

አንድ ቀን በዚህ ነገር ሲጨቃጨቁ ሰማኋቸው። እናቴ ቂጣውን አፉ ድረስ ወስዳ «በአላህ፣ በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ» ትላለች፤ እሱ ፊቱን ያዞራል። ሆዱን እንደሚያመው እያወቀች ምን አስጨነቃት ብዬ በእናቴ ተናደድኩ። በዚያ ደጋ ተወልዶ ገብስ ሆዱን የሚነፋው ሰው እንደሌለ የገባኝ የራሴን ልጆች ማብላት ስጀምር ነው። ያን ጊዜ ግን ገብስ የማይስማማው አባት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ እያልኩ ለጓደኞቼ እጎርር ነበር።

ሰኔ ሲያልቅ የሐጂ ማሳ ውሃ ተኛበት። አባቴ ብዙ ቀን በብርዱ፣ በጭቃው ውስጥ ቆሞ ቦይ ሲቆፍር ሰነበተ። አንድ ጠዋት ከመኝታው ሊነሳ ሲል ወደቀ። እንደገና ተነሳና በጣቶቹ ጫፍ ቆመ፤ ጉልበቶቹ እርስ በርስ ተጋጩ፤ ግድግዳውን ያዘ። እኔና አሕመድኑር በሳቅ ፈረስን። ድመት አድብታ ስትሄድ ያስመሰለልን ነበር የመሰለን። «ድገመው፣ አባዬ!» አልኩት። እንደገና ሊራመድ ሞከረና እንደገና ወደቀ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር። ፊቷን ሳይ ሳቄን ተውኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን በምክንያት ተሞላ። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ አንድ ምክንያት ይዞ ይመጣል፤ አንድ ቁና ገብስ ይዞ የመጣ ግን ትዝ አይለኝም። አንዱ ጂን የተኛበት አመድ ላይ ሸንቶ ነው አለ። አንዷ በቀትር ምንጭ ወርዶ ነው አለች። ወጌሻ ተጠርቶ መጣና ጅማቱ ዞሯል ብሎ እግሩን በቅቤ አሽቶ፣ ጎትቶ፣ አስጩኾት ሄደ። የመንደሩ ትልቅ ሽማግሌ ጋሽ አሻግሬ ግን ገና ከደጃፍ ሆነው አባቴን አይተው «ጓያ ነው። እንፋሎቱ አግኝቶት ነው» አሉ፤ ክርክሩም እዚያው ላይ አለቀ። ጋሽ አሻግሬ ከተናገሩ ማን ይናገራል!

አክስቴ ኡምኩልሱም ይህን ሰምታ ከከተማ መጣች። አባቴን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ዙሪያውን ቃኘችና ጠየቀች።

«ማነው የቀቀለው?»

ማን ይቀቅላል? በቤቱ ያለችው ሴት አንዲት ናት።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለች እናቴ። «ከጓሮ ነው የቀቀልኩት። ነፋሱንም አይቼ ነው።»

«ወንድሜ ሲያልፍ ክዳኑን ከፍተሽዋል።»

«ወላሂ አልከፈትኩም።»

«በሬ እየነዳ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ድስቱ ሲጨስ ያየ ሰው አለ!»

ሰው ነበረ። ጎረቤታችን ብርሀንነሽ አይቻለሁ ብላ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም እንጂ እኔም ያየሁ መስሎኝ ነበር። ነጩ እንፋሎት ከድስቱ ወጥቶ፣ መሬት ለመሬት ተስቦ፣ የአባቴን ቁርጭምጭሚት ሲጠመጠመው ዛሬም በዓይኔ ይመጣል። እንፋሎት ወደ ላይ እንጂ መሬት ለመሬት አይሄድም። ልጅ የሰማውን ያያል፤ ብርሀንነሽ ግን አምስት የወለደች ትልቅ ሴት ነበረች። እኔ ከዚያ በኋላ እናቴ ስታቅፈኝ ትንፋሼን እይዝ ጀመር። ነጠላዋ ላይ የቀረ እንፋሎት እንዳያገኘኝ ፈርቼ ነው።

ሐጂም መጡ። የአባቴን እጅ ይዘው «አብሽር፣ ጀብሪል፤ ከአላህ የመጣ ነው» አሉት። እናቴን ቀና ብለውም አላዩአት። ሲወጡ በደጅ ለቆሙት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ።

«እህሉ ምን አደረገ? ይኼን ሁሉ ሕዝብ ያቆመ እህል ነው። ሴትየዋ ጥንቃቄ የላትም።»

ሰዎቹ «እውነት ነው፣ ሐጂ» አሉ። እውነት ነው! መጋዘን ሙሉ ጓያ ያስቀመጠ ነጋዴ፣ ሰው የሚሰበረው በመብላት ነው ሊል ነው? እንፋሎት የሚሸጥ ሰው የለም። እንፋሎት ቢወነጀል የሚከስር አልነበረም፤ ከእናቴ በቀር።

በማግስቱ አንድ ጆንያ ጓያ በአህያ ተጭኖ መጣ። ለጉልበቱ ይሁነው ብለዋል ተባለ። በደስታ ጨፈርን። እናቴ ብቻ ጆንያውን ከበሩ ሳታስገባ ብዙ ቆማ አየችው። ከዚያ ወዲህ ጓያውን ስትዘፈዝፍና ውሃውን ስትደፋ አያት ነበር፤ አክስቴ ግን «የእህሉን ጉልበት ትደፋዋለች» ብላ ከለከለቻት። አባቴ ያን ጆንያ በላ። እህሉ ሲመጣ በአንድ ዱላ ይሄድ የነበረ ሰው ጆንያው ሳይጋመስ በሁለት ዱላ ሆነ።

የጓያን ነገር እኔ የተማርኩት አሥረኛ ክፍል ሆኜ ነው። መርዙ ያለው ፍሬው ውስጥ ነው፤ የሚጎዳውም እግርን የሚያዘውን ነርቭ ነው። አልፎ አልፎ፣ ከሌላ እህል ጋር የበላውን ብዙም አይነካውም። ለወራት ጓያን ብቻ፣ ያውም ንፍሮና ቆሎ አድርጎ የበላ፣ በላዩ ላይ በብርድ ከባድ ሥራ የሠራ፣ ይበልጡን ደግሞ ወንዱ ይሰበራል። መዘፍዘፍና ውሃውን መድፋት፣ ከገብስ መቀላቀል፣ አቡክቶ መጋገር አደጋውን ይቀንሰዋል። አንዴ የተሰበረ እግር ግን አይመለስም። አስተማሪው ይህን ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ የክፍሉ ልጆች ስለ ጓያ ሽሮ ይቀልዱ ነበር። እኔ ደብተሬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እንፋሎት የሚል ቃል ሰሌዳው ላይ አልነበረም።

አክስቴ ጆንያው ከመጣ በኋላ ጥቂት ቆይታ ተመለሰች። ወንድሟ ብሶበት ስታይ አልተገረመችም፤ እንዲያውም ያለችው ልክ መሆኑ የተረጋገጠላት መሰለች።

«ጁምዓ ሽማግሌ ይቀመጣል» አለቻት እናቴን። «ጨርቅሽን ሰብስቢ። አገርሽ አቀስታ ነው፤ እዚያው ግቢ። ጀብሪል ይፈታሻል። ልጆቹ እኔ ዘንድ ያድጋሉ።»

«አቀስታ ማን አለኝ፣ እትዬ? እናት አባቴ አፈር ከገቡ ቆዩ። እሱንስ ማን ያነሳዋል?»

«የጣለ እጅ አያነሳም።»

እኔን ወደ ውጭ አውጥታ ሌላ ነገር ነገረችኝ። እናትሽ ለጥቂት ጊዜ ነው የምትሄደው፣ ከድስቷ ሲርቅ አባትሽ ይድናል፣ አንቺ ደግሞ ሐጂ ቤት እየኖርሽ ከተማ ትማሪያለሽ አለችኝ። አመንኳት። እንደ እኔ ስሌት አንድ ሰው ሲሄድ አንድ ሰው ይድናል፤ ከዚያ እናቴ ትመለሳለች። ማታ እናቴ ጨርቋን ስትቋጥር የተረሳ ነጠላዋን ከሰቀላው አውርጄ ያቀበልኳት እኔ ነኝ።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ መጡ። ጋሽ አሻግሬና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ከአባቴ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሐጂ ምንጣፍ ተነጠፈላቸው። አክስቴ የመጨረሻ ልጃቸውን ሙሐመድአሚንን ይዛ ነበር፤ ገና አምስት ዓመት ያልሞላው፣ ጉንጩ ወዝ ያለው ልጅ ነው። እናቴ ከበሩ ሥር ቋጠሮዋን አጠገቧ አድርጋ ተቀመጠች። እኔም ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅና አባቴ እንዲድን እየተመኘሁ ምሰሶውን ተደግፌ ቆምኩ።

ጋሽ አሻግሬ ጀመሩ። «የጀብሪል ነገር ሁላችንንም አሳዝኖናል። ነገሩ ግን ግልጥ ነው። ጓያ መንደሩ ሁሉ ይበላዋል። እዚህ ቤትም ሁሉም ከአንድ ድስት በላ። የተሰበረው እሱ ብቻ ነው። እህሉ ቢሆን ሚስቱም ልጆቹም አይቀርላቸውም ነበር። ለምን እሱ ብቻ? ስለዚህ እንፋሎቱ ነው። እንፋሎት ካገኘው ደግሞ የድስቱ ባለቤት ትጠየቃለች።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለምን እሱ ብቻ? ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ሐኪምም አይጠይቅም። ጥያቄው ልክ ሆኖ ሳለ መልሱን ከቤት ይዘው መምጣታቸው ነው የሚያናድደኝ።

እናቴ ቀና አለች። «ከአንድ ድስት አልበላንም፣ ጋሼ።»

«እንዴት ማለት?»

«እኔና ልጆቹ ገብስ የገባበት ቂጣ ነው የምንበላው። እሱ ገብሱን ለልጆቹ እየተወ ጓያውን ብቻ በላ። ጠዋት ጓያ፣ ቀን ጓያ፣ ማታ ጓያ። እንፋሎቱ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ የሚያገኘው እኔን ነበር። ድስቱ ሥር የምውለው እኔ ነኝ።»

ያን ቀን እዚያ ቤት ውስጥ እውነት ተነገረ፤ ሁሉም ሰማ። ምን እንዳደረጉት ስሙ።

አክስቴ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «ሰማችሁ አይደል? በገዛ አፏ! ገብሱን ለራሷ፣ ጓያውን ለወንድሜ!»

«አዑዙ ቢላህ» አለ አንዱ ሽማግሌ። ጋሽ አሻግሬ አማተቡ።

«ኡምኩልሱም፣ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት» አለ አባቴ።

«አንተ ዝም በል፤ ታመሃል» አለችው። የታመመ ሰው ስለ በሽታው ቢናገር ማን ይሰማዋል? እኔ ራሴ ክፉኛ ደነገጥኩ። እናቴ በእንፋሎቱ ላይ የገብስ ሌባም ሆነችብኝ።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጀብሪል፣ ሰው አታስጠብቅ። የፍቺውን ቃል በልና ይለቅ። አላህ የተሻለች ይሰጥሃል። ስለ እህል አታስብ፤ እኔ እያለሁ ጓያ አይቋረጥብህም።»

አባቴ አያቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«የሻለም፣ ያን የትናንቱን ንፍሮ አምጪ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለሐጂ፣ ለዚያን የሚያህል ሰው፣ የቀዘቀዘ ንፍሮ ይቀርባል? ሳህኑን አምጥቼ መሀል ላይ አስቀመጥኩ።

«ቢስሚላህ በሉ» አለ አባቴ። «የትናንት ነው። እንፋሎቱ ወጥቶ አልቋል፤ ማንንም አያሰጋም።»

ጋሽ አሻግሬ ዘገኑ። ቤታቸውም የሚበሉት እሱኑ ነው። ሌሎቹም እጃቸውን ሰደዱ። ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ጠግቤያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ለወጉ ያህል እንኳ፣ ሐጂ።»

«አይ፣ ጠግቤያለሁ አልኩህ።»

ትንሹ ሙሐመድአሚን ግን ርቦት ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲበሉ አይቶ ከእናቱ ጉያ ተንሸራተተና እፍኙን ሞልቶ ወደ አፉ ወሰደ። ሐጂ እንዲያ ሲፈጥኑ አይቼ አላውቅም። የልጁን እጅ አፈፍ አድርገው ጣቶቹን ፈለቀቋቸው። ጓያው ምንጣፉ ላይ ተበተነ። ጣታቸውን አፉ ውስጥ ከተው የገባችውን ፍሬ አወጡ።

«ትፋ! ትፋው እልሃለሁ!»

ልጁ እሪ አለ። የሽማግሌዎቹ እጅ ሳህኑና አፋቸው መሀል ቆመ። እኔ ምሰሶውን እንደተደገፍኩ በልቤ አደነቅኳቸው። ልጃቸውን እንዴት በሥርዓት ያሳድጋሉ አልኩ፤ እኛን እንዲህ የሚቆጣጠረን የለም።

«ልጅ ከታላቆቹ በፊት እጁን አይሰድም» አሉ ሐጂ።

«ታላቆቹማ እየበሉ ነው» አለ አባቴ።

«ለሆዱ ይከብደዋል።»

«ለእኔ ልጆች የላኩት ጆንያስ አይከብዳቸውም ኖሯል?»

ሐጂ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። ላቡ በጆሯቸው ሥር ሲወርድ አይቻለሁ፤ በሐምሌ ብርድ። አባቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

«እስከ አሁን ምስክር አልነበረኝም። ሐጂ አሁን መሰከሩልኝ። እንቁ የትም አትሄድም። እንቁ፣ ጨርቅሽን ወደ ቦታው መልሺ።»

እናቴ ተነስታ ቋጠሮዋን ወደ ጓዳ ይዛ ገባች።

ሽማግሌዎቹ አልገባቸውም እንዳልል፣ ገብቷቸዋል። ጋሽ አሻግሬ እጃቸው ውስጥ የቀረውን ጓያ ቀስ ብለው ሳህኑ ላይ መለሱት፤ መዳፋቸውንም በጋቢያቸው ጠረጉ፣ ደግመውም ጠረጉ። ሐጂን አዩ፤ ልጁን አዩ፤ የአባቴን ሁለት ዱላዎች አዩ። ከዚያ ምን አሉ?

«ጀብሪል፣ ሐጂን ይቅርታ ጠይቅ።»

አባቴ አልጠየቀም። ተነስተው ሄዱ። አክስቴ ከደጃፍ ላይ «እንዲሁ ተሽመድምደህ ቅር!» ብላ ወጣች። እኔ ከረሜላዬ ቀረብኝ ብዬ አለቀስኩ። በቀጣዩ ገበያ መካነ ሰላም ውስጥ የተወራው፣ ጀብሪል ያበላውን ሰው በቀዝቃዛ ንፍሮ አዋረደ የሚል ነበር። ሐጂ ምን እንዳደረጉ ያነሳ ሰው የለም። የሐጂ ሥራ ቀረብን፣ ጓያውም ቀረ። እናቴ ባና ለሚባለው ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ፀጉር እየፈተለች፣ አባቴ ተቀምጦ ገመድ እየገመደ፣ ግማሽ ቀን እየተራብን ያን ክረምት አለፍነው። እግሩ ከዚያ ወዲያ አልባሰበትም። አልዳነም፤ ግን አልባሰበትም።

አክስቴ አርጅታ አንድ ጊዜ ሱቄ መጥታ ስናወራ ስለ ጓያ ተነሳ። «እኛ ቤት ገብቶ አያውቅም» አለችኝ በኩራት። «ሐጂ ከዓባይ ማዶ በሱ እግራቸው የተያዘ ሰዎች አይተው ስለነበር እርም ነው ብለው ነበር።» ይህን ስትናገር ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። የተናገረችው ምን እንደሆነ አልተሰማትም። እኔም ሻይዋን ቀዳሁላት። ምን እላታለሁ?

ሐጂ ሲሞቱ ከተማው ተዘግቶ ነው የተቀበሩት። በክፉ ቀን ድሃ የመገቡ ተብሎ ተለቀሰላቸው። ሙሐመድአሚን ዛሬ የአባቱን መጋዘን ይዟል። ቀጥ ባለ እግሩ እየተራመደ በሱቄ በኩል ሲያልፍ «እንዴት ዋልሽ፣ እትዬ የሻለም» ይለኛል፤ ጨዋ ልጅ ነው። አባቱን ሲያመሰግኑለት ግን አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ ያኔ እሱንም እንቀዋለሁ።

ባለፈው ገበያ ቀን እናቴ ሱቄ ውስጥ የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዘይት የምትገዛ ሴትዮ አየቻትና ለጓደኛዋ በሹክሹክታ «ባሏን በእንፋሎት የሰበረችው ይቺ ናት አሉ» አለቻት። ሃያ ስምንት ዓመት አልፎ! ዘይቱን ከእጇ ነጠቅኩና ብሯን ወረወርኩላት። አንድ ሳይቀር ልነግራት አፌን ስከፍት እናቴ ቀሚሴን ያዘችኝ።

«ዘይቷን ስጫት» አለችኝ። «እኔን አቀስታ ሊሰዱኝ ነበር፤ አልሄድኩም። ባሌ አጠገቤ ነው፣ ልጆቼን እኔ ነኝ ያሳደግኳቸው። ከዚህ በኋላ ያሻቸውን ያውሩ።»

ዘይቷን ሰጠኋት። ብሯን ግን ከመሬት ለቅማ ነው የከፈለችኝ።